ጡሩምባው የዘለለው በር

የኮሌጁ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ አቶ ኃይለገብርኤል የእድሩን ወረቀት አንብበው ጨረሱና እንደገና ከላይ ጀመሩ። ፀሎት ዓይኗን የጠረጴዛው መስታወት ላይ ተክላ ተቀምጣለች። ከመስታወቱ ሥር የአንድ ሕፃን ፎቶና የአምና የቀን መቁጠሪያ አለ። አጠገቧ አክስቷ ጀማነሽ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላለች። ወረቀቱን ያመጣችው እሷ ናት። የእድሩ ጸሐፊ ቤት ተመላልሳ፣ ማኅተሙ ደብዝዟል ብላ እንደገና አስመትታ፣ እንዳይታጠፍ ፕላስቲክ ክላሰር ውስጥ ከታ ነው ያመጣችው።

«ይቺን የመጨረሻዋን መስመር ማን ነው ያስጨመራት?» አሉ አቶ ኃይለገብርኤል መነፅራቸውን እያወለቁ።

«እኔ ነኝ» አለች ጀማነሽ፤ ኩራቷ ከድምፅዋ ይሰማል።

መስመሯ የምትለው፣ ተማሪ ፀሎት ታዲዎስ የአባቷን መርዶ የሰማችው የመጨረሻ ፈተናዋን ጨርሳ ከወጣች በኋላ መሆኑን እድሩ ያረጋግጣል ነው። ጀማነሽ ይህን ያስጨመረችው ኮሌጁ ምን ዓይነት ቤተሰብ እንደሆኑ እንዲያውቅላት ብላ ነው። በፈተና መሃል ልጅ የሚያረዱ ሰዎች አለመሆናቸውን፣ ሰፈሩ በሙሉ አፉን ዘግቶ ልጅቷን እንዳስፈተናት ቢያውቅ ምን ይጎዳል?

የሚጎዳውን አቶ ኃይለገብርኤል ቀስ አድርገው አስረዷት። ኮሌጁ በነፃ የሚያስተምረው ተማሪ በየሴሚስተሩ አማካይ ውጤቱ ከሁለት ነጥብ አምስት መውረድ የለበትም። ፀሎት ያመጣችው አንድ ነጥብ ስምንት ነው። የወረደ ሰው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ የወላጅ ሞትም ተቀባይነት ካላቸው ምክንያቶች የመጀመሪያው ነው። ኮሚቴው ከተቀበላት የአንድ ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ውጤቷን ካነሳች በነፃ መማሯን ትቀጥላለች። ካልተቀበላት ግን ወይ ከፍላ ትማራለች ወይ ትወጣለች። ቁም ነገሩ፣ ውጤቷን ያበላሸው ሐዘኑ መሆኑ መታወቅ አለበት።

«ወረቀቱ የሚለው እኮ ልጅቷ ስትፈተን ምንም አልሰማችም ነው» አሉ። «ታዲያ ምን ጣላት ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

ቄራ አካባቢ በርበሬ ከሚነግዱት ሴቶች ውስጥ እንደ እሷ መልስ የማያጥራት የለችም። ፀሎት አክስቷ ቃል ስታጣ ያየችው ያን ዕለት ነው።

አቶ ኃይለገብርኤል ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸውም ተማሪ ሳሉ እናታቸው አርፈው የተረዱት ክረምት ገብቶ አገራቸው ሲሄዱ እንደነበር አጫወቷቸው። እሳቸው ይገባቸዋል፤ ደንቡ ግን ስለ መርዶ የሚያውቀው ነገር የለም። ኮሚቴው ሐሙስ ጠዋት ስለሚሰበሰብ፣ እስከዚያ የሚጨምሩት ማስረጃ ካለ ይዘው እንዲቀርቡ ነገሯቸው። ከዚያ ወደ ፀሎት ዞር አሉ።

«አንቺስ የምትይው ነገር የለም?»

«የለም» አለች ፀሎት።

ከኮሌጁ ወጥተው በካዛንቺስ አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ቁልቁል ወረዱ። ጀማነሽ መንገዱን ሙሉ ስታወራ ሄደች። የምታወራው ከፀሎት ጋር አልነበረም፤ ደንቡን ትገስጻለች፣ ጸሐፊውን ትወቅሳለች፣ ከሁሉ በላይ ያቺን መስመር ያስጨመረችውን የገዛ አፏን ትረግማለች። ፀሎት አዲስ የተተከሉትን የመንገድ ዳር አበቦች እያየች ተከተለቻት። አንድ ሰው በጎማ ውሃ ያጠጣቸዋል። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፣ ቢያንስ መፍራት። ሁለቱም አልመጡም።

ሰው በገዛ እጁ ላይ ተኝቶ ሲነቃ፣ የደነዘዘውን እጅ በሌላው እጁ አንስቶ ያስቀምጠዋል። ፀሎትም ከአባቷ ሞት ወዲህ ራሷን የምታኖረው እንደዚያ ነው። ጠዋት አንስታ ኮሌጅ ታስቀምጠዋለች፤ ማታ አንስታ አልጋዋ ላይ ታስተኛዋለች። አይርባትም፣ አይበርዳትም፣ ማንም ላይ አትናደድም። ሰፈሩ ይህን አይቶ «ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ሐዘኗን ቻለችው» ይላል።

አባቷ ታዲዎስ ቡታጅራ ነበር የሚኖረው። ከገበሬ በርበሬ እየገዛ ለእህቱ ለጀማነሽ ይልካል፤ እሷ ቀምማ ታስፈጫለች፣ ትሸጣለች። እናቷ የሞተችው ፀሎት ገና ጡት ሳትጥል ስለሆነ አባቷ ብቻውን ነው ያሳደጋት። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ አዲስ አበባ ተምራ ሰው ትሁን ብሎ ለእህቱ ሰጣት። ኮሌጁ በነፃ የተቀበላት ጊዜ የቡታጅራ ገበያ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። በርበሬ ሊሸጥለት የመጣ ገበሬ ሁሉ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የፀሎትን ወሬ መስማት ነበረበት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውልላታል። ስለ ትምህርት አይጠይቅም፤ ትምህርቷን አምኗታል። «ምን በላሽ?» ነው የሚላት፣ ሁልጊዜ።

እዚህ ላይ ከፀሎት በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር መናገር ያስፈልጋል። እድሩ የጻፈው ውሸት አይደለም፤ መርዶ የተነገራት ከፈተና በኋላ ነው። አባቷ መሞቱን ግን ከዚያ ብዙ ቀድማ ታውቅ ነበር።

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ወዳጆ ይባላል። ሰው ሲሞት ማለዳ ጡሩምባውን እየነፋ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ እየጮኸ ሰፈሩን ያዳርሳል። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን መንደር የሚጀምረው ሁልጊዜ ከእነ ጀማነሽ በር ነው። ከጆሯቸው ሥር ስለሚነፋ ፀሎት ስንት ቀን ከእንቅልፏ ደንግጣ ተነስታ ረግማዋለች።

አንድ ሐሙስ ጡሩምባው ከሩቅ፣ ከመንደሩ ታች ጀመረ። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና ጎረቤታቸው ማሚት ቤት ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ከባድ ጫማ በራቸውን በቀስታ አለፈ። ከእነ ራቢያ ቤት ወዲያ ጡሩምባው እንደገና ተነፋ።

ፀሎት ብርድ ልብሷን አገጯ ድረስ ስባ አዳመጠች። ጀማነሽ ቤት አልነበረችም። ማታ ስልክ ተደውሎላት፣ ቡታጅራ የተጫነ በርበሬ ዝናብ ሊመታብኝ ነው ብላ ገና ሳይነጋ ወጥታለች። ሰፈር በሙሉ እየሰማው እነሱ በር ላይ ብቻ የማይነገር ሞት የማን ሊሆን ይችላል? ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ጡሩምባ ተነፍቶ ምስጢር የሚጠበቅበት አገር እንግዲህ የእኛው ነው።

ተነስታ ፊቷን ታጠበች፤ ኮሌጅ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ የአባቷን ስልክ ደወለች። ጠራ፣ ተነሳም። የሚናገር ሰው ግን የለም። ከኋላ የብዙ ሴቶች ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ተዘጋ። አባቷ ስልክ ሲያነሳ «አቤት የኔ ፀሎት» ነበር የሚለው።

ክፍል ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። መምህሩ ስም ሲጠሩ «ፀሎት ታዲዎስ» አሉ። «አቤት» አለች። ቀብሩ ከቀትር በኋላ ስለነበር ቀጥታ መናኸሪያ ብትሄድ ኖሮ ትደርስ ነበር። ይህ ግን ያኔ አልታሰባትም። የታሰባት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ጀማነሽ እሑድ ማታ ተመለሰች። ጥቁር ልብሷን ማሚት ቤት አውልቃ፣ የሄደችበትን ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳ ገባች። ዓይኗ አብጧል፤ የበርበሬ ብናኝ ነው አለች። ፀሎትም እውነትሽን ነው፣ የዘንድሮ በርበሬ ብናኙ መጥፎ ነው አለቻት። ከዚያ አክስቷ ራት ሠራች። ወጡ ጨው የሚባል አልነካውም። ፀሎት ቀና ብላ አየቻት፤ ጀማነሽ እየጎረሰች ነው፣ ምንም አልታወቃትም።

«አባትሽ ስልኩ ውሃ ገብቶበት ሊያሠራ ሰጥቷል» አለቻት እንጀራውን እያየች። «ሰላም ብሎሻል። ምን በላሽ ብሎሻል።»

ፀሎት ያኔ ልትናገር ትችል ነበር። ግን የታላቅ ወንድሟን አፈር አልብሳ የመጣች ሴት፣ የሞተ ሰው ሰላምታ ይዛ ከፊቷ ተቀምጣ እንጀራ ትቆርሳለች። አውቃለሁ ብትላት ይህ ሁሉ ድካም ምን ይሆናል? እሷም ራሷ ቃሉን ካወጣችው እውነት ይሆንባታል። ነገ እነግራታለሁ አለች። በማግስቱም እንዲሁ አለች። ሳይነገር የዋለ ነገር እያደር ይከብዳል፤ ሳምንት ሲሞላው የሚያነሳው ሰው አይገኝም።

እንዲህ ሆነው ከረሙ። ጀማነሽ በየእሑዱ የታዲዎስን ሰላምታ ታቀርባለች፤ ፀሎት ትቀበላለች። ወጡ ጨው ይረሳል፤ ፀሎት ትበላለች። አንድ ቀን ራቢያ በርበሬ ልትገዛ መጥታ በጣቷ ስትቀምሰው ፊቷ ተቀየረ። ልትናገር አፏን ስትከፍት ማሚት ከጎኗ ቆነጠጠቻት። ራቢያ «እጅሽ ይባረክ ጀሚ» ብላ ከፍላ ሄደች። ያን ወር ሰፈሩ ጨው የሌለው በርበሬ እየገዛ ቤቱ ጨው ሲጨምር ከርሟል፤ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ፈተናው ደረሰ። ፀሎት በየወረቀቱ ራስጌ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጥያቄ ግን በዓይኗ ይገባል እንጂ ጭንቅላቷ ጋ አይደርስም። አንዱን ጥያቄ አምስት ስድስት ጊዜ አንብባ፣ ምን እንደሚል ሳታውቅ፣ ሰዓት አለቀ ተብሎ ወረቀቱ ተሰበሰበ።

የመጨረሻው ፈተና ባለቀ ማግስት ሽማግሌዎች ማለዳ መጡ። ፀሎት ኮቴያቸውን ስትሰማ ተነስታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተነገራት። እንባ አልመጣም። ለራሷም ለፀሎትም ያለቀሰችው ጀማነሽ ናት፤ ጥርሷን ነክሳ የከረመችበትን ሁሉ አንድ ላይ አወጣችው፤ ሦስት ሴቶች ይዘዋት አልቻሏትም። ድንኳኑ ውስጥ አንዳንዱ «ደንግጣ ነው» አለ፤ አንዳንዱ «የዘንድሮ ልጅ» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ፀሎት ሁለቱንም ሰማች።

ኤርሚ የክፍሏ ልጅ ነው፣ የቄራ ልጅ። ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት ኦሎምፒያ ጁስ ቤት ወስዶ ስፕሪስ ጋበዛት። አቶ ኃይለገብርኤል ቢሮ የሆነውን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ብዙም አልከበደውም።

«አቦ ፀሊ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው። ከፈተና በፊት ሰምቻለሁ በያቸው፣ በቃ።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱ እድሩ የሚያውቀውን ነው የሚለው። አንቺ በሌላ ሰማሽ። ማለቴ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ... ማን ያጣራል?» ጁሱን በማንኪያ አማሰለና ቀና አለ። «ግን ሲሪየስሊ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ምንም አልጠረጠርሽም?»

ይህን እስካሁን የጠየቃት ሰው የለም። ሽማግሌዎቹም አልጠየቋት፣ አቶ ኃይለገብርኤልም፣ አክስቷም።

«አልጠረጠርኩም» አለች።

ኤርሚን ዋሽታው አታውቅም። የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና ላይ ከእሱ ኮርጃ ሳትደበቅ የነገረችው ለራሱ ለኤርሚ ነው። አሁን ግን ውሸቱ ሳታስበው፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ለለመደው ሥራ እንደሚወጣ ሰው በራሱ ከአፏ ወጣ። ስፕሪሱ አቮካዶ ይሁን ማንጎ አልለየችውም። ግማሹን ትታው ተነሳች።

ቤት ስትገባ ጀማነሽ ከእድሩ ጸሐፊ ተጣልታ መጥታለች። ወረቀቱን ቀይርልኝ ብላ ለምናው ነበር፤ ሰውየው ማኅተም የያዝኩት ልዋሽበት አይደለም ብሎ በሩን ዘጋባት። እሷም ስትመለስ መንገድ ላይ ወስናለች። ኮሚቴው ፊት ቀርባ ራሷ ትመሰክራለች፦ አላስችል ብሏት ከፈተናው በፊት ልጅቷን ያረዳቻት እሷ ናት፣ እድሩ ይህን አያውቅም፣ በቃ።

ፀሎት አየቻት። ይህቺ ሴት በርበሬዋ ውስጥ ባዕድ ነገር ጨምራ አታውቅም። የጨመሩ ሰዎችን ደግሞ በስማቸው እየጠራች ገበያ መሃል ታዋርዳለች። አሁን በተማሩ ሰዎች ፊት ቆማ፣ በገዛ ሰፈሯ እንደ ነውር የሚቆጠር ነገር አድርጌያለሁ ብላ ልትዋሽ ነው።

«እቴቴ፣ ይቅርብን» አለቻት። «ሱቅ እረዳሻለሁ።»

ጀማነሽ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

«ያን ሁሉ ቀን ጥርሴን ነክሼ የከረምኩት ለሱቅ ነው? ወንድሜን ቀብሬ መጥቼ ከፊትሽ የሳቅኩት ለዚያ ፈተና ነው፣ ፀሎት። ሜዳ ላይ አይቀርም። ካስፈለገ እዋሻለሁ።»

ፀሎት አፏ ላይ የደረሰውን ዋጠችው። ይህን ካለቻት በኋላ እንዴት ብላ ትናገራለች? የከረምሽው በባዶ ነው ማለት እኮ ነው።

ሐሙስ ማለዳ የወዳጆ ጡሩምባ በራቸው ላይ ተነፋ። የአንድ እድርተኛ እናት ናቸው ያረፉት፣ ቀብር በስድስት ሰዓት። ጀማነሽ ከአልጋዋ ሳትነሳ «ነፍስ ይማር» አለች። ፀሎት ጡሩምባው ወደ ማሚት ቤት፣ ከዚያም ወደ መንደሩ ታች ሲወርድ አዳመጠች። አንድም በር አልዘለለም።

በእግራቸው በመስቀል አደባባይ አድርገው ወደ ካዛንቺስ ወጡ። አደባባዩ ላይ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ደረጃውን እየሮጡ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጀማነሽ ነጠላዋን አጥብቃ ለብሳ ከፊት ከፊት ትራመዳለች። ኮሌጁ ሲደርሱ ኮሚቴው ካለበት ክፍል ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ቀድመዋቸው ገብተው ወጡ። አንዷ ፊቷን በስካርፏ ሸፍና በሩጫ አለፈቻቸው።

ጀማነሽ ጠጋ ብላ ምስክርነቷን በሹክሹክታ መለማመድ ጀመረች።

«ረቡዕ ማታ ስልኩ እንደተደወለልኝ ቀሰቀስኳት እላለሁ። አቅፌ ነገርኳት። አለቀሰች እላለሁ።» ትንሽ አሰበች። «ብዙ ልበል፣ ትንሽ?»

ፀሎት ወደ አክስቷ ዞረች። የጀማነሽ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ክላሰሩን ከአንዱ ጭኗ ወደ ሌላው ታዘዋውራለች። መዋሸት አትችልበትም። እሑድ እሑድ የሞተውን ሰው ሰላምታ ስታቀርብም እንዲህ ያልባት እንደነበር ፀሎት አሁን ነው ያስተዋለችው፤ ያኔ አንድም ቀን ቀና ብላ አላየቻትም ነበር።

«አላለቀስኩም» አለች ፀሎት።

«አውቃለሁ፣ ለእነሱ ነው እንጂ...»

«ረቡዕም አይደለም እቴቴ። ሐሙስ ጠዋት ነው። ወዳጆ በራችንን ዘሎ ሲያልፍ።»

ጀማነሽ ወዲያው አልገባትም። ለአንድ አፍታ ለምስክርነቱ የተሻለ ቀን እየመረጠችላት ነበር የመሰላት። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ጡሩምባው ማሚት ቤት ጋ ቆመ» አለች ፀሎት። ድምፅዋ የስም ጥሪ የምትመልስበት ያው ድምፅ ነው። «እዚህ በር ላይ ቆሜ ስልኩ ላይ ደወልኩ። አንስተው ዘጉብኝ።»

«እኔ ነኝ» አለች ጀማነሽ።

«ምኑ?»

«ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስልኩ ኪሴ ነበር። ስምሽን ሳይ እጄ ዝም ብሎ አነሳው። ከዚያ ምን እንደምልሽ ጠፋኝ።»

ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ውሃ የተነከረ መወልወያ እየገፋች መጣችና እግራቸውን አንስተው አሳለፏት። ጀማነሽ ወለሉ ሲደርቅ ታያለች። ፀሎት አሁን ትቆጣለች፣ አሁን ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች። ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር።

«ወጡ» አለች ጀማነሽ በመጨረሻ። «ጨው አልነበረውም?»

«አንዳንድ ቀን አልነበረውም።»

«አንዳንድ ቀን?»

«ብዙ ቀን።»

«እና በላሽው።»

«በላሁት።»

«በርበሬውስ? ለሰው የሸጥኩት?»

ፀሎት ራሷን ነቀነቀች። ጀማነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ያንኑ እጇን የፀሎት ጉልበት ላይ አሳረፈች። እጁ ከባድና ሙቅ ነበር። ፀሎት ሙቀቱ ተሰማት፤ እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማት ቆይቷል።

«ልጄ» አለች ጀማነሽ። «ብቻሽን?»

የክፍሉ በር ተከፈተና አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ ብቅ አለች።

«ፀሎት ታዲዎስ።»

ጀማነሽ ቦርሳዋንና ክላሰሩን ሰብስባ ብድግ አለች። እንደለመደችው ነገሩን ተሸክማ ልትቀድም ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀየረችና ወንበሩ ላይ መልሳ ተቀመጠች።

«እንዳየሽው ንገሪያቸው» አለቻት። «እኔ ያላየሁትን አልጨምርበትም። ካመኑሽ አመኑሽ።»

«ፀሎት ታዲዎስ» አለች ሴትየዋ እንደገና፣ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ እያየች። «የለችም?»

ፀሎት አፏን ከፈተች። ያን ሁሉ ጊዜ ሳትቸገር የመለሰችው ቃል አልወጣ አላት፤ ዓይኗ ሥር አንድ ነገር ነዘራት። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችው፤ ሌላ መጣ፤ ተወችው።

«አቤት» አለችና ክላሰሩን አክስቷ ጭን ላይ ትታ ገባች።